ከእኩል አራሽ ልጅነት እስከ ግብርና ኮሚሽነርነት፦ የቶሚ ኧርቪን መንገድ

በግብርናና በኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «እኛ መሬት የለንም፤ ግብርና መማር ምን ያደርግልናል? ገበሬስ ቢሆን የት ይደርሳል?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ስለዚህ በዚህ እትማችን መልስ ይሆናል ብለን ሳይሆን ለመወያያ እንዲያገለግል የአንድ ሰው ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሰውየው የራሱ መሬት ከሌለው አራሽ ቤት ተወልዶ፣ ትምህርቱን አቋርጦ፣ በኋላ በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት የምክር ቤት አባል፣ ቀጥሎም ለ42 ዓመት የግብርና ኮሚሽነር የሆነው ቶሚ ኧርቪን ነው። ታሪኩ ሁሉም ማር አይደለም፤ እሬትም አለበት። ሁለቱንም እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጆርጂያ የት ናት?

ጆርጂያ ሲባል በካውካሰስ ተራሮች አካባቢ ያለችው አገር አይደለችም። ይህችኛዋ ከ50ዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ስትሆን የምትገኘው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። ዋና ከተማዋን አትላንታን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። በ1996 ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን ወርቅ ያገኙባት ከተማ ናት። ለከተማዋ ቅርብ በሆነችው ክላርክስተን ደግሞ ከብዙ አገር በመልሶ ማስፈር የሄዱ ስደተኞች ይኖራሉ። ከእነሱ ውስጥ የእኛ አካባቢ ሰዎችም አሉበት።

የግዛቷ ስፋት 153 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኢትዮጵያ ጋር ሲነጻጸር አንድ ሰባተኛ ገደማ ይሆናል። በ159 ካውንቲዎች ትከፈላለች፤ ካውንቲ ማለት እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው። ጆርጂያ በኦቾሎኒ (አንዳንዶቻችን ለውዝ የምንለው) ምርት ከአሜሪካ ግዛቶች አንደኛ ናት። በዶሮ ሥጋና በጥጥም ስሟ ይነሳል።

የእኩል አራሽ ልጅ

ቶሚ ኧርቪን የተወለዱት በ1929፣ በሰሜን ጆርጂያ ሉላ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ነው። አባታቸው የእኩል አራሽ ነበሩ። የእኩል ማረስ ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። መሬቱ የሌላ ሰው ነው፣ ጉልበቱ የአራሹ ነው፣ ምርቱ ለሁለት ይካፈላል። በኢትዮጵያ በ1975 የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ጭሰኛው በእኩል፣ በሲሶ እያለ ያርስ እንደነበር ከወላጆቻችን ሰምተናል።

በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የነበረው አሠራር ግን አንድ የተለየ ጣጣ ነበረው። አራሹ ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ አንዳንዴም የቤቱን ዱቄት ሳይቀር ከባለመሬቱ ወይም ከነጋዴው በዱቤ ይወስዳል። ጥጡ ሲለቀም የሚመዘነው በባለመሬቱ ሚዛን ነው፤ ሂሳቡም የሚሠራው በባለመሬቱ መዝገብ ነው። አራሹ ማንበብና መደመር ካልቻለ የተነገረውን ይቀበላል። ስንቱ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ መጨረሻ ላይ «ገና ዕዳ አለብህ» ተብሎ ተመልሷል! ይህቺን የሚዛን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ቶሚ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ አባታቸው በእንጨት መሰንጠቂያ አደጋ ሞቱ። ልጁ ትምህርቱን ትቶ ቤተሰቡን ለመርዳት ወደ ሥራ ገባ። በኋላም በዚያው በእንጨት ሥራ ራሳቸውን ችለው በሐበርሻም ካውንቲ ኑሯቸውን መሠረቱ። እዚህ ላይ መምህራን አንድ ነገር እንዲያስምሩልን እንፈልጋለን። ትምህርት ማቋረጣቸው የስኬታቸው ምክንያት አልነበረም። ችግር ያመጣው ነገር ነው። ቀጥሎ የምናየው ደግሞ ሰውየው ትምህርት ቤቱን በሌላ በር ተመልሰው እንደገቡበት ነው።

በትምህርት ቤት ቦርድ በኩል

በአሜሪካ ካውንቲዎች የትምህርት ቦርድ የሚባል አለ። ከአካባቢው ነዋሪዎች የተውጣጡ ሰዎች ሆነው ስለ ትምህርት ቤት በጀት፣ ስለ መምህራን ቅጥር፣ ስለ ሕንፃ ይወስናሉ። የእኛን የወላጅ መምህር ኅብረት አስቡት፤ ልዩነቱ የእነሱ ገንዘብና ሥልጣን ያለው መሆኑ ነው። ትምህርታቸውን ያልጨረሱት ኧርቪን ወደ ሕዝብ ሥራ የገቡት በዚሁ በካውንቲያቸው የትምህርት ቦርድ አባልነት ነው።

ነገሩ በእሳቸው ብቻ የሆነ አይደለም። ሌላው የጆርጂያ ገበሬ ጂሚ ካርተርም እንዲሁ ነበሩ። ኦቾሎኒ ያመርቱ የነበሩት ካርተር መጀመሪያ የካውንቲያቸው የትምህርት ቦርድ አባል ሆኑ። ከዚያ በ1963 የግዛቷ ሴናተር፣ በ1971 ገዥ፣ በ1977 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ካርተር ከፕሬዚዳንትነት ከወረዱ በኋላ ከሳይንቲስቱ ኖርማን ቦርሎግ ጋር የሳሳካዋ ግሎባል 2000 ፕሮግራምን ይዘው በ1993 ኢትዮጵያ ገብተዋል። በገበሬው ማሳ ላይ ግማሽ ሄክታር እየተለየ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ የታየበት ያ ሥራ፣ በኋላ መንግሥት ላሰፋው የግብርና ኤክስቴንሽን መነሻ ሆኗል። ካርተር ያረፉት በታኅሣሥ 2024፣ በመቶ ዓመታቸው ነው።

ወደ ኧርቪን እንመለስ። በ1957 የጆርጂያ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆነው ገቡና አሥር ዓመት ያህል አገለገሉ። «ገበሬ ወይም የእንጨት ነጋዴ ሥራውን ጥሎ እንዴት ምክር ቤት ይቀመጣል?» ትሉ ይሆናል። የጆርጂያ ምክር ቤት ዓመቱን ሙሉ አይሰበሰብም። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ የሚሰበሰበው ለ40 የሥራ ቀናት ነው። ወቅቱ ደግሞ ዋናው እርሻ ያልተጀመረበት የብርድ ጊዜ ነው። አባላቱም አብዛኞቹ ሌላ የራሳቸው መተዳደሪያ አላቸው። ገበሬ የምክር ቤት ወንበር ለመያዝ የሚቀለው ለዚህ ነው።

በ1967 ሌስተር ማዶክስ የግዛቷ ገዥ ሲሆኑ ኧርቪንን የጽሕፈት ቤታቸው ዋና ጸሐፊ አደረጓቸው። በጥር 1969 የግብርና ኮሚሽነሩ ፊል ካምቤል ለፌዴራል መንግሥት ሥራ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ማዶክስ በቦታው ኧርቪንን ሾሙ። ይሄ ሹመት ነው። በ1970 ግን ሕዝቡ ፊት ቀርበው ተመረጡ። ከዚያም በየአራት ዓመቱ እየተወዳደሩ በጠቅላላው አሥር ጊዜ አሸነፉ። በዲሞክራቲክ ፓርቲ ስም ነበር የሚወዳደሩት። ገዥዎች ሰባት ተፈራረቁ፤ እሳቸው እዚያው ነበሩ። ሥራቸውን የለቀቁት በጥር 2011 ነው። በአሜሪካ ታሪክ እንደሳቸው ረጅም ጊዜ ያገለገለ የግዛት ግብርና ኮሚሽነር የለም። በመስከረም 2017 በ88 ዓመታቸው አርፈዋል።

የግብርና ኮሚሽነር ምን ይሠራል?

የጆርጂያ ግብርና መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1874 ሲሆን በአሜሪካ ግዛቶች ካሉት ሁሉ የመጀመሪያው ነው። የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ በብዙ ግዛቶች ገዥው ወይም ቦርድ ይሾመዋል። በ12 ግዛቶች ግን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል፤ ጆርጂያ ከእነዚህ አንዷ ናት።

ስሙ ግብርና ይባል እንጂ ሥራው ማሳ ላይ ብቻ አይደለም። ዘርና ማዳበሪያ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው መሆኑን ይፈትሻል። ፀረ ተባይ መድኃኒት ለሚረጩ ሰዎች ፈቃድ ይሰጣል። የዶሮና የከብት በሽታ እንዳይዛመት ይቆጣጠራል። ምግብ የሚሸጡ ሱቆችንና ምግብ የሚያዘጋጁ ፋብሪካዎችን ይመረምራል። ገበሬው ምርቱን የሚሸጥባቸውን ትልልቅ ገበያዎች ያስተዳድራል። ከ1917 ጀምሮ ደግሞ ጋዜጣ ያወጣል፤ ገበሬው በዚያ ላይ «ይህን ያህል በሬ አለኝ፣ ይህን ዘር እፈልጋለሁ» እያለ ያስታውቃል። እንደ እኛ ባለች ትንሽ መጽሔት ላይ ለምንሠራ ሰዎች ይሄ የሚያስቀና ነው።

ሚዛኑ ላይ የተለጠፈው ስም

ከሁሉም በላይ የጆርጂያን ሕዝብ ከኧርቪን ስም ጋር ያስተዋወቀው የሚዛን ቁጥጥር ነው። በግዛቷ ያለ የሱቅ ሚዛንና የነዳጅ ማደያ ሁሉ በግብርና መሥሪያ ቤቱ መመርመር አለበት። ተቆጣጣሪው ክብደቱ በእርግጠኝነት የታወቀ ብረት ይዞ ይመጣና ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣል። ሚዛኑ ያንኑ ክብደት ካሳየ ያልፋል። ካጭበረበረ ወይም ከተበላሸ እስኪጠገን ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል ይታገዳል። ነዳጅም እንዲሁ ነው፤ ልኩ የታወቀ ዕቃ ይሞላና ማሽኑ ከሚያሳየው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። ያለፈው ላይ ተለጣፊ ወረቀት ይደረግበታል። በዚያ ወረቀት ላይ የኮሚሽነሩ ስም ይጻፋል። ቤንዚን የሚቀዳ ሁሉ ለአርባ ዓመት ያህል «ቶሚ ኧርቪን» የሚለውን ስም ሲያይ ኖሯል። በምርጫ ሰሞን ይሄ ጠቅሟቸዋል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኛም አንጠራጠርም።

ነገር ግን ወደዚያች የሚዛን ነገር እንመለስ ብለን አልነበር? ሂሳቡ በሌላ ሰው ሚዛንና መዝገብ ከሚሠራበት የእኩል አራሽነት ኑሮ የወጣ ልጅ፣ በኋላ የግዛቱን ሚዛን ሁሉ የሚፈትሽ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። እኛ ራሽን ስንቀበል ዓይናችን ከስፍሩ ላይ የማይነሳው ለምንድን ነው? ስፍሩ በጥቂቱ ቢጎድል የወሩ መጨረሻ ላይ ድስቱ ባዶ ስለሚሆን ነው። ሚዛን የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፍትሕ ጉዳይ ነው። ትክክል መሆኑን ደግሞ ከሻጩም ከገዢውም ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ሊያየው ይገባል።

ነቀዙን ሁሉም በአንድ ላይ

በኧርቪን ዘመን ከተሠሩት የግብርና ሥራዎች አንዱን ብቻ እናንሳ። የጥጥ ፍሬ ነቀዝ የምትባል ትንሽ ተባይ አለች። ከሜክሲኮ ተነስታ በ1915 አካባቢ ጆርጂያ ደረሰች። እንቁላሏን የምትጥለው በጥጡ እምቡጥ ውስጥ ስለሆነ ፍሬው ሳይከፈት ይረግፋል። ብዙ አራሽ ቤቱን ዘግቶ ወደ ከተማ የተሰደደው በእሷም ምክንያት ነው።

ችግሩ አንድ ገበሬ ብቻውን ቢረጭ ዋጋ አለመኖሩ ነው፤ ከጎረቤት ማሳ ትመጣለች። በ1987 በጆርጂያ የተጀመረው ዘመቻ ስለዚህ ሁሉንም ያቀፈ ነበር። በየማሳው ነቀዟን በሽታ የሚስብ ወጥመድ ይተከላል፣ ይቆጠራል፤ በተገኘችበት ቦታ ይረጫል። ገበሬው በዘራው ኤከር ልክ ያዋጣል፤ መንግሥትም ያግዛል። እኔ አልገባም የሚል ቢኖር የሁሉም ልፋት ከንቱ ይሆን ነበር። ውጤቱስ? ነቀዟ ጠፋች፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ ሺህ ኤከር ጥቂት ከፍ ብሎ የነበረው የጥጥ እርሻ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ ሆነ። አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ያህል ነው። በጎመን መደባችን ላይ ትል ሲወጣ «የእኔ መደብ ንጹሕ ነው» ብለን የምንተኛ ካለን ከዚህ እንማር።

ያልተስተካከለው ሚዛን

አሁን ወደ እሬቱ እንምጣ። ኧርቪን ወደ ምክር ቤት በገቡበት ዘመን ጥቁሮች በጆርጂያ እንደልባቸው ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር። ያን የለወጠው የ1965 የፌዴራል የምርጫ መብት ሕግ ነው። በጥር 1966 ጁልያን ቦንድ የሚባል ጥቁር ወጣት በሕዝብ ተመርጦ ሲመጣ፣ የጆርጂያ ተወካዮች ምክር ቤት የቬትናምን ጦርነት በመቃወሙ ሰበብ አላስቀምጥም አለው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔው ስህተት ነው አለና ቦንድ ወንበሩን አገኘ። ኧርቪንን የሾሟቸው ማዶክስም ቢሆኑ ስማቸው የገነነው በ1964 ጥቁሮችን ከምግብ ቤታቸው አላስገባም በማለታቸው ነው። እንግዲህ ድሃ ነጭ አራሽ ልጅ ሊወጣበት የቻለው መሰላል ለድሃ ጥቁር አራሽ ልጅ አልተዘረጋለትም ነበር።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። ኧርቪን በተሾሙበት በ1969 በዚያው በጆርጂያ በሊ ካውንቲ፣ ቻርልስና ሸርሊ ሸሮድ የሚባሉ ባልና ሚስት ከሌሎች ጥቁር ገበሬዎች ጋር «ኒው ኮምዩኒቲስ» የተባለ የጋራ እርሻ መሠረቱ። መሬቱ ከ5 ሺህ ኤከር በላይ ነበር። ድርቅ ሲመጣ ለሌሎች ገበሬዎች የሚሰጠው የፌዴራል ብድር ለእነሱ ዘገየባቸው፤ በ1985 መሬቱን አጡ። ብድሩን ያዘገየው የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት እንጂ የኧርቪን ቢሮ አልነበረም። ጥቁር ገበሬዎች በፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ላይ ባቀረቡት ክስ ምክንያት በ2009 ለኒው ኮምዩኒቲስ 12 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተፈረደለት። ፍርዱ የመጣው ግን መሬቱ ከሄደ ከ24 ዓመት በኋላ ነው።

የኦቾሎኒው ጣጣ

የኧርቪን የመጨረሻ ፈተና የመጣው በእርጅናቸው ነው። በ2008 መጨረሻና በ2009 መጀመሪያ በአሜሪካ ብዙ ሰው በሳልሞኔላ ታመመ። ሳልሞኔላ በምግብ የሚተላለፍ፣ ትኩሳትና ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርም ነው። በ46 ግዛቶች 714 ሰዎች መታመማቸው ተረጋገጠ፤ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ምንጩ ሲፈለግ በደቡብ ጆርጂያ ብሌክሊ በምትባል ከተማ ያለ የኦቾሎኒ ፋብሪካ ሆኖ ተገኘ።

ፋብሪካው ከዚያ በፊት በግዛቷ የግብርና ተቆጣጣሪዎች በተደጋጋሚ ተጎብኝቶ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ያዩት ጥቃቅን ጉድለት ነው። ፋብሪካው ራሱ ባስመረመረው ናሙና ጀርሙ መገኘቱን ግን ማንም አልነገራቸውም፤ እንዲነግር የሚያስገድድ ሕግም አልነበረም። ሕዝቡ ተቆጣ፤ «የት ነበራችሁ?» የሚለው ጥያቄ በግብርና መሥሪያ ቤቱ ላይ ወረደ። የጆርጂያ ምክር ቤት በ2009 አዲስ ሕግ አወጣ፤ የምግብ ፋብሪካ በምርመራ ጀርም ካገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። በጥር 2011 ደግሞ በአገር ደረጃ የምግብ ደህንነት ሕግ ተፈረመ። የፋብሪካው ባለቤት በ2015 በ28 ዓመት እስራት ተቀጡ። ኧርቪን በ2010ሩ ምርጫ አልተወዳደሩም።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በካምፕ ውስጥ ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው «ፕላምፒ ናት» ምንድን ነው? ኦቾሎኒ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ዘይትና ቫይታሚን ነው። ለዚህ ዓይነት ምግብ የሚውል ኦቾሎኒ ከሚመረትባቸውና ምግቡም ከሚዘጋጅባቸው ቦታዎች አንዱ ያቺው ጆርጂያ ናት። እዚያ ያለ ተቆጣጣሪ ሥራውን በትክክል ሲሠራ እዚህ ያለ ሕፃን ይድናል።

ታዲያ ምን እንያዝ?

«ገበሬ የት ይደርሳል?» ለሚለው፣ ጆርጂያ ውስጥ እስከ ምክር ቤትና እስከ ኮሚሽነርነት ደርሷል። የጀመረው ግን ከትልቅ ወንበር አይደለም፤ ከትምህርት ቤት ቦርድ ነው። በወላጅ መምህር ኅብረት፣ በብሎክ ኮሚቴ፣ በውኃ ኮሚቴ የምትሠሩ፣ ሥራችሁን ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። መዝገብ መያዝ፣ ስብሰባ መምራት፣ የሰው ቅሬታ መስማት የሚለመደው እዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥሩ ሰው መምረጥ ብቻ አይበቃም። የሚያስገድድ ሕግ ካልነበረ አሥር ጊዜ የተመረጠ ኮሚሽነርም ጀርሙን አያየውም። ሦስተኛ፣ ለአንዱ የተከፈተ በር ለሌላው ተዘግቶ ከሆነ «ሠርቶ አደገ» ብሎ ማለፍ ልክ አይሆንም፤ በሩን ማን ዘጋው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መሬት የለንም ማለት እውነት ነው። ግን ሚዛን ማንበብ፣ ዘር መለየት፣ ተባይ መቆጣጠር፣ ሂሳብ መያዝ ከመሬት ጋር አብሮ አይወሰድም። ነገ የትም ብንሄድ አብሮን ይሄዳል።

ለክፍል ሥራ

1. ሚዛን እንፈትሽ፦ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ መዝኑና ክብደቱን ጻፉ። ከዚያ በትክክል የተለካ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ሙሉበትና እንደገና መዝኑ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። ካልሆነ ችግሩ ከሚዛኑ ነው ወይስ ከአለካካችን? ተወያዩበት።

2. የግብርና ኃላፊ በሹመት ቢሆን ይሻላል ወይስ በምርጫ? ለሁለት ተከፍላችሁ ተከራከሩ።

3. አንድ ሰው በአንድ ወንበር 42 ዓመት መቀመጡ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጉዳቱስ?

4. በብሎካችሁ ሁሉም ካልተባበረ የማይሳካ ሥራ የትኛው ነው? ነቀዟን ካጠፋው ዘመቻ ጋር አነጻጽሩ።

ከየክፍላችሁ የተሻለውን መልስ ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።